የጠፈር ቤት ፊልተር ቱሉ ዲምቱ ጓሮ ውስጥ፦ ዕጣን ሳጨስበት ለምን ሰነፈ?

ዳክት ሠራተኛው (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

እኔ ኤሲና ዳክት ገጣሚ ነኝ። ፊልተር ማለት ለእኔ ደንበኛው «ቆይ፣ በሚቀጥለው ወር» እያለ ሁለት ዓመት ሳይቀይረው የሚከርም ዕቃ ነው። ባለፈው ወር ግን የእህቴ ልጅ (ሰባተኛ ክፍል ናት) ስለ ጠፈር ጣቢያ ስታነብ ቆየችና «አጎቴ፣ እዚያ ላይ ፊልተሩ ሲደፈን ማን ይቀይረዋል?» አለችኝ። «ራሳቸው ጠፈርተኞቹ ናቸዋ» አልኳት። «አዲሱንስ ከየት ያመጡታል?» ዝም አልኩ። ከመሬት ተጭኖ ነው የሚሄደው። ጨረቃ ላይ ወይም ማርስ ላይ ቤት ከተሠራ ደግሞ በየወሩ ዕቃ የሚያደርስ የለም።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ፣ በአሜሪካኖቹ ክፍል፣ ያለው ሄፓ ፊልተር ነው። 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ከሆነው ብናኝ 99.97 በመቶውን መያዝ አለበት። ፊቱ ላይ ወንፊት አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ሲያጸዱ ወንፊቱን በቫኩም ይጠርጉታል። እዚያ አቧራ መሬት አያርፍም። የቆዳ ቅርፊቱም፣ የልብስ ብናኙም፣ ጸጉሩም አየሩን ተከትሎ ወደ ፊልተሩ ይሄዳል። የጠፋ ብሎን ሲፈለግም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። (እኛ ቤት ሶፋ ሥር ነው።)

እኔም ልፈትን ብዬ ተነሳሁ። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አቧራ በነጻ።

ዕቃዬ ይኸውላችሁ። ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ፣ አንድ ሜትር ተኩል። ከአሮጌ መኪና የወጣ የማሞቂያ ፋን። መብራት ስለማይታመን ባትሪ። ከዱባይ የመጣልኝ ትንሽ የሌዘር አቧራ ቆጣሪ። የግፊት መለኪያ የለኝም። ግን ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያወጡበት ነጭ ላስቲክ ቱቦ አለ አይደል? እሱን መሃሉን ወደ ታች አጠፍኩና ቀለም ያለው ውሃ ሞላሁት። አንዱን ጫፍ ከፊልተሩ በፊት፣ ሌላውን ከኋላ ሰካሁ። ፊልተሩ ሲደፈን ውሃው በአንድ በኩል ከፍ ይላል። ልዩነቱን በማስመሪያ አነባለሁ። ፊልተሩ ከቤት አየር ማጽጃ የቆረጥኩት ነው፤ ካርቶኑ ላይ ሄፓ ይላል።

አቧራው ከድንጋይ ካባ ያመጣሁት የጥቁር ድንጋይ ዱቄት ነው። ዝም ብዬ አይደለም የመረጥኩት። ጨረቃ ላይ ከዚህ የሚታዩት ጥቋቁር ሜዳዎች ባዛልት፣ ማለትም ይኸው ጥቁር ድንጋይ፣ ናቸው። ናሳም ጄኤስሲ-1ኤ የሚባለውን ሰው ሠራሽ የጨረቃ አፈር ያዘጋጀው ከአሪዞና እሳተ ገሞራ አመድ ነው። እኛ ደግሞ የተቀመጥነው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው። ዱቄቱን በሴት ስቶኪንግ ነፋሁት።

ውጤቱ፦ በድንጋይ ዱቄት ፊልተሩ አንበሳ ነው። ከመቶ አንድ እንኳ አያልፍም። ዱቄቱ ሲጠራቀምበት የውሃው ልዩነት ከ8 ሚሊ ሜትር ወደ 21 ወጣ። እስከዚህ ግልጽ ነው።

በነጋታው አዲስ ቁራጭ ገጠምኩ። ለደቃቁ ብናኝ ዕጣን ፈለግሁ። እማዬ ቡና እያፈላች ነበርና ማጨሻውን ከቱቦው አፍ አስጠጋሁት። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ከአምስቱ አንዱ ማለፍ ጀመረ! ውሃው ደግሞ ንቅንቅ አላለም። ቢደፈን ውሃው ከፍ ይል ነበር። ቢቀደድ ዝቅ ይል ነበር። ሁለቱም አልሆነም። ምንድን ነው ነገሩ?

ኮዬ ብሎክ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:05)

ወንድሜ፣ ለማርስ ምን አስጨነቀህ? እኔ ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ጠዋት ነጭ ሸሚዝ አስጥቼ ማታ ቡናማ እለብሳለሁ። ቱሉ ዲምቱ ራሱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት አይደል? ማርስ ላይ ነህ እኮ፣ ያልነገሩህ አንተን ብቻ ነው።

ካባ ሰፈር (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:30)

ቀልዱን እንተወውና፣ እኔ ጠርዙን ነው የምጠረጥረው። ፊልተር ራሱ ብዙ ጊዜ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ፍሬሙ ነው። አየር እንደ ውሃ ነው፣ ክፍተት ካገኘ በዚያ ይሄዳል። በምን አሸግከው?

ዳክት ሠራተኛው (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:42)

በስፖንጅ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ደንበኛ ቤት ይህን ብሠራ ራሴን አልምርም ነበር።

ካባ ሰፈር (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:45)

ስፖንጅ! በል ሲሊኮን ግዛና ተመለስ።

ዳክት ሠራተኛው (እሑድ፣ ከቀኑ 8:15)

እሑድ ስለሆነ የሰፈሩ ሕንጻ መሣሪያ መደብር ዝግ ነው። እማዬ ስበሳጭ አየችኝና «አረቄ ሲወጣ ማሰሮው በምን ነው የሚመረገው?» አለችኝ። ሊጥ አቡክታ አመጣች። የፊልተሩን ዙሪያ በጣቷ እየጫነች መረገችው። እጇን ብታዩት! አንድም የመርፌ ቀዳዳ አላስቀረችም። ክብሪት ጭሬ ነበልባሉን በመጋጠሚያው ዙሪያ አዞርኩት። የትም አልተሳበም።

ከዚያ አዲስ ቁራጭ፣ አዲስ ዕጣን። መጀመሪያ ላይ ከትናንቱ ይበልጥ ጥሩ ሆነ። ስለዚህ ካባ ሰፈር ልክ ነህ፣ ጥቂቱ በጠርዝ ይወጣ ነበር። ግን ከሰዓት በኋላ ያው ነው። ሰነፈ።

ለገጣፎ ኤሌክትሮኒክስ (እሑድ፣ ከቀኑ 9:00)

እማማን ሳሙልኝ። አፖሎ 13 ላይ በሚያዝያ 1970 እንደ ፈረንጆቹ የሆነውን አስታወሱኝ። የዋናው መንኮራኩር የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጣሪያ አራት ማዕዘን፣ የጨረቃ ማረፊያዋ ቀዳዳ ደግሞ ክብ ሆኖ አልገጥም አለ። በፕላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶን፣ በጠፈር ልብስ ቱቦና በፕላስተር አጋጥመው ነው የተረፉት። ሊጥ ቢኖራቸው…

ወደ ነገርህ ስመለስ፣ ቆጣሪህን አትመነው። እነዚህ ርካሽ የሌዘር ቆጣሪዎች ከ0.3 ማይክሮን በታች ያለውን በደንብ አያዩም። ጭሱ ሲወፍርም ሁለት ሦስቱን እንደ አንድ ይቆጥራሉ። ፊልተሩን አውጥተህ ቱቦውን ባዶውን አስኪድ። ከፊትም ከኋላም በዚያው በአንዱ ቆጣሪ ለካ። ቁጥሩ እኩል ካልሆነ ችግሩ መለኪያህ ነው። ጭሱንም አሳሳው።

ዳክት ሠራተኛው (እሑድ፣ ከምሽቱ 1:20)

አደረግሁት። ባዶውን ከፊትም ከኋላም ተቀራራቢ ነው። ጭሱን አሳስቼም ያው ነው፣ እየቆየ ይሰንፋል። ቆጣሪው ነጻ ወጥቷል።

ዝም አንባቢ (እሑድ፣ ከምሽቱ 1:50)

ይቅርታ፣ ተስፋ ላስቆርጥ ሳይሆን ከመሠረቱ የማይሆን ነገር ነው። በስበት ውስጥ የተፈተነ ፊልተር ስለ ጠፈር ምን ሊነግረን ነው? አቧራህ እኮ ፊልተሩ ጋ ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይወድቃል።

ዳክት ሠራተኛው (እሑድ፣ ከምሽቱ 2:05)

ግማሽ እውነት አለህ። ዛሬ ስፈታው የቱቦው ወለል ላይ የዱቄት ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። ያንን ሁሉ ፊልተሩ የበላው አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

ጡረተኛው መምህር (እሑድ፣ ከምሽቱ 3:15)

ልጆቼ፣ አመሻሽቼ ስላየሁት ነው። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ ደስ ይለኛል።

ከስበቱ ልጀምር። 10 ማይክሮን የሆነች የባዛልት ብናኝ በረጋ አየር በሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትወርዳለች። 1 ማይክሮን የሆነችው ግን የአንተን ቱቦ ከጣሪያ እስከ ወለል ለመውረድ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ፋንህ ከዚያ በፊት ወስዷታል። ስለዚህ ለደቃቁ ብናኝ ስበት ብዙም አያውክህም። ለሻካራው ያውክሃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቱቦውን አቁመውና አየሩ ከላይ ወደ ታች ይውረድ። ያኔ የሚወድቀውም ፊልተሩ ላይ ነው የሚወድቀው። ጨረቃ ላይ ስበቱ ከእኛ አንድ ስድስተኛ ስለሆነ አቧራ አየር ላይ ስድስት እጥፍ ይቆያል። መውደቁ ግን አይቀርም።

አሁን ወደ ዕጣኑ። ሰው ፊልተርን እንደ ጤፍ ወንፊት ያየዋል። ቀዳዳው ከብናኙ ስለሚያንስ የሚይዝ ይመስለዋል። አይደለም። ሄፓ የተዘበራረቀ የክር ጫካ ነው። በክሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ከብዙው ብናኝ ይሰፋል። ትልቁ ብናኝ እንደ ተጫነ ሲኖትራክ ነው፤ አየሩ ሲታጠፍ እሱ መታጠፍ አቅቶት ክሩን ይገጫል። መካከለኛው በክሩ ጥግ ሲያልፍ ታክኮ ይቀራል። በጣም ደቃቁ ደግሞ እንደ ሰካራም ነው። የአየር ሞለኪውሎች እየገፈተሩት ወዲያ ወዲህ ሲል አንዱ ክር ላይ መውደቁ አይቀርም። ለሲኖትራክነት የቀለለ፣ ለሰካራምነት የከበደው 0.3 ማይክሮን አካባቢ ያለው ነው። እሱ ነው ከሁሉ የሚያመልጠው። የፈተናው ቁጥር 0.3 የሆነው ለዚህ ነው። ከዚያ ያነሰው በቀላሉ ይያዛል፤ ይህን ተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም ነበር።

አራተኛም መንገድ አለ፤ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ)። ብዙ የፊት ማስክና የቤት አየር ማጽጃ ፊልተር ከፕላስቲክ ክር ይሠራና ክሩ ሙል ይሰጠዋል። ፀጉር ያበጠረ ማበጠሪያ ወረቀት ሲስብ እንደምታየው ብናኙን ይስበዋል። ጥቅሙ ክሩ ሳሳ ብሎም ይይዛል፣ ፋኑንም አያደክምም። ጉዳቱ ቅባትነት ያለው ጭስ ወይም አልኮል ሲያገኘው ያን ሙል ያጣል። ክሩ እንዳለ ነው፤ አልተደፈነም፣ አልተቀደደም። ስለዚህ ውሃህ አይንቀሳቀስም። መያዝ ግን ትቷል። ዕጣን ሙጫ ነው፣ ጭሱም ቅባት አለው።

ጥርጣሬዬን ፈትነው። ያልተነካ ቁራጭ ውሰድ፣ የፋርማሲ አልኮል ውስጥ ንከረው፣ ደህና አድርገህ አድርቀው። ከዚያ ያለ ምንም ዕጣን ለካው። አይኤስኦ 16890 የሚባለው የተራ ፊልተሮች የፈተና ደረጃም ይህንኑ ያደርጋል። ፊልተሩን በአልኮል ትነት ውስጥ 24 ሰዓት አቆይቶ ነው ባዶ እጁን ስንት እንደሚይዝ የሚያየው።

ሲስተር ቡራዩ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3:40)

መምህር፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ የማውቀውን ልጨምር። አንደኛ፣ ዳክት ሠራተኛው፣ ያን የድንጋይ ዱቄት ያለ ማስክ እንዳትነካው። ሳንባ የገባ ድንጋይ አይወጣም። ጨረቃ ላይ ነፋስና ውሃ ስለሌለ የአቧራው ጠርዝ አልተሞረደም፣ እንደ ስባሪ ብርጭቆ ነው። አፖሎ 17 ላይ በ1972 እንደ አውሮፓውያኑ ሃሪሰን ሽሚት የልብሱ አቧራ ክፍሉ ውስጥ ሲበተን አፍንጫው ታፍኖ እንደ ጉንፋን አድርጎታል። የተቃጠለ ባሩድ ይሸታል ብለዋል። ናሳ ለጨረቃ አቧራ ያወጣው የስድስት ወር ገደብ በሜትር ኩብ አየር 0.3 ሚሊ ግራም ነው።

ሁለተኛ፣ በር ዘግተህ ከሰል አታጭስ። ሄፓ ጋዝ አይይዝም። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰተት ብሎ ያልፋል። በየክረምቱ ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው የቀሩ ሰዎች ናቸው የሚመጡልን።

ኮዬ ብሎክ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3:48)

ታዲያ ጠፈርተኞቹ የሚያስወጡትን የተቃጠለ አየር ምን ይይዘዋል?

ሲስተር ቡራዩ (እሑድ፣ ከምሽቱ 4:00)

ሌላ መሣሪያ ነው። ጣቢያው ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ዜዮላይት የሚባል ማዕድን ይይዘዋል። ከዚያ አሙቀው ያስለቅቁታልና ደጋግሞ ይሠራል። ለሽታና ለመርዛማ ጋዝ ደግሞ የነቃ ከሰል አለ። በዚያ ላይ ያለ ፋን አየሩ አይንቀሳቀስም። ጠፈርተኛ አየር በማይነፍስበት ጥግ ቢተኛ የራሱ ትንፋሽ ፊቱ ላይ ይከማችበታል።

ዳክት ሠራተኛው (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30)

መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ።

ነከርኩት። አንድ ቀን ሙሉ ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። አቧራ እንዳይገባበት ቁም ሳጥን ላይ ነበር የሰቀልኩት። ዛሬ ገጥሜ ለካሁ። ውሃው 8 ሚሊ ሜትር፣ እንደ አዲሱ። ደቃቁ ብናኝ ግን ከአምስቱ አንዱ ያልፋል። ዕጣን የሚባል ነገር አልነካውም! ማለትም ካርቶኑ ላይ ሄፓ ያለኝ ዕቃ ከእነ ግርማው በሙል የቆመ የፕላስቲክ ጨርቅ ነው። ሻጩን ስም አልጠራም፣ እኔም እኮ ስንት ሰው ቤት ገጥሜዋለሁ።

ቱቦውንም አቆምኩት፤ ከሰገነቱ ደረጃ ጋር በሽቦ አስሬዋለሁ። ጎረቤት «ምን ልትተኩስ ነው?» አለኝ።

ጡረተኛው መምህር (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10)

ጎበዝ። አሁን አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። ፋንህ ካታሎግ ካለው፣ ቁጥሩ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፣ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ። ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ አየሩ በሳሳ ልክ የሚፈጥረው ግፊት ይቀንሳል። ፊልተሩ ግን ለቀለለ አየር ብዙም አያደላም። ተቃውሞው ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተደፈነ ፊልተር እዚህ ፋኑን ቶሎ ያሸንፈዋል።

ይህ ለጨረቃ ቤትም ቁም ነገር ነው። የጠፈር ጣቢያው እንደ ባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ለጨረቃ መኖሪያ ናሳ ያጠናው 56 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ኦክስጅኑ 34 በመቶ ነው። እኛ መሃል ላይ ነን። ባሕር ዳርቻ ያለ ላብራቶሪ በፓምፕ አየር ቀንሶ የሚያገኘውን አንተ ጓሮህ በነጻ አግኝተሃል፣ ሙሉውን ባይሆንም።

ዝም አንባቢ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:25)

እሺ፣ ተሸንፌአለሁ። ግን የልጅቷ ጥያቄ አልተመለሰም። ሲደፈንስ?

ዳክት ሠራተኛው (እሑድ፣ ከቀኑ 10:00)

ዛሬ ከራሷ ጋር ሠራነው። ማስክ አድርገን፣ ሲስተር እንዳትቆጪ።

ሁለት ቁራጭ ወሰድን። አንዱን እንዲሁ፣ ሌላውን ፊቱ ላይ ስቶኪንግ ወጥረን። ለሁለቱም በሻይ ማንኪያ እኩል ዱቄት፤ ከልብስ ማድረቂያ ገመድ ሥር የሰበሰብነውን የብርድ ልብስ ብናኝም ቀላቀልንበት። ውሃው ከ20 ሲያልፍ አቁመን በቫኩም ጠረግናቸው። ደብተር የያዘችው እሷ ናት።

ስቶኪንግ ያልነበረው ከ22 ወደ 19 ነው የወረደው። አቧራው ጫካው ውስጥ ገብቷል፣ ቫኩም አያወጣውም። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ገጹ የጸዳ ይመስላል፤ ጥፍር ስታሳርፉበት ግን ከውስጥ ጥቁር ይወጣል። ስቶኪንግ የነበረው ከ21 ወደ 11 ወረደ። ብናኙ ስቶኪንጉ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ድንጋዩንም አብሮ ይዞት ነበር። ቫኩሙን ስናስጠጋ እንደ ቂጣ በአንድ ተላቆ ተነሳ። ልጅቷ ጮኸች።

ጣቢያው ላይ ወንፊቱ ፊት የተቀመጠው ለካ ለዚህ ነው። ግን ብርድ ልብሱ ባይኖር ስቶኪንጉ ደቃቁን ድንጋይ ይይዝ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ጨረቃ ላይ ደግሞ ከልብስ ብናኝ ይልቅ ድንጋዩ ይበዛል።

ለገጣፎ ኤሌክትሮኒክስ (እሑድ፣ ከቀኑ 10:20)

ለዚያ ነው ኦሃዮ ያለው የናሳ ግሌን ማዕከል በጥቅል የሚሄድ ፊልተር ሲሞክር የነበረው። እንደ ካሜራ ፊልም ነው። የፊቱ ሲቆሽሽ ሞተር ይጠቀልለውና ንጹሑ ይመጣል። ሰው እጁን አያስገባም። ማርስ ላይ ኦክስጅን የሠራው ሞክሲ የሚባለው መሣሪያም አየር የሚስብበት አፍ ላይ ሄፓ ነበረው።

ዳክት ሠራተኛው (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:10)

ጥቅሉን እሞክራለሁ፣ የልብስ ስፌት ማሽን ሞተር አለኝ።

አሁን ግን ሌላ ጣጣ። ጠዋት ተነስቼ ፋኑን ሳስነሳ ውሃው ዜሮ። ፊልተሩ ምንም አይይዝም፣ ሁሉም ያልፋል። ወርጄ ባየው ማታ አይጥ የእማዬን ሊጥ ግማሽ ዙር በልታዋለች።

ካባ ሰፈር (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:25)

ሲሊኮን ግዛ ብዬህ ነበር።

ኮዬ ብሎክ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30)

ጠፈር ላይ አይጥ የለማ፣ ሊጡን ተወው!

ሲስተር ቡራዩ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:41)

አለ እንጂ። ለምርምር ወስደዋቸው ያውቃሉ።